የስም ዋጋና የሰው ዋጋ፤ ስለ አንድ የእንግሊዝ አገር የልብስ መደብር ታሪክ

አባታችን አዳም ከገነት በተሰደደ ጊዜ ራቁቱን አልወጣም፤ የፈጠረው አምላክ የቍርበት ልብስ አልብሶ ሰደደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ለሰው ልጅ የኀፍረቱ መሸፈኛ፣ የብርዱ መከላከያ፣ የማዕርጉም ምልክት ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ የሚፈትለውም፣ የሚሸምነውም፣ የሚሰፋውም፣ በመደብር ቆሞ ለገዢ የሚዘረጋውም ሰው ሥራው የተናቀ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ታሪኳ የተጻፈላት ጣቢታ በሞተች ጊዜ፣ መበለቶቹ እያለቀሱ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት ወርቋንና ብሯን ሳይሆን የሰፋችላቸውን ልብስ ነበረ።

ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባቢ ላቀርበው ያሰብሁት ታሪክ፣ ሌላውን ሲያለብሱ ኖረው በመጨረሻ የራሳቸውን እንጀራ ስለ ተገፈፉ ሰዎች ነው። ታሪኩ የሩቅ አገር ነው፤ ትምህርቱ ግን ሱቅ ላለውም፣ በሱቅ ተቀጥሮ ለሚያድረውም፣ ሁለቱን ለሚያስተምረው ካህንም የቀረበ ነው። ዘመኑን፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ የምቈጥረው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

በ1778 ዓ.ም.፣ በአገራችን የጎንደር ነገሥታት ኃይል ደክሞ መሳፍንቱ በየግዛታቸው በበረቱበት ዘመን፣ ዊልያም ክላርክ የሚባል ነጋዴ በእንግሊዝ ዋና ከተማ በሎንዶን፣ ዊግሞር በሚባለው ጎዳና አንድ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ። በ1813 ዓ.ም. ዊልያም ደብነም የሚባል ሰው ሸሪክ ሆነው፤ ሱቁ በኋላ የታወቀበትን ስም ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ሐሩን፣ ባርኔጣውን፣ የእጅ ጓንቱን፣ የፀሐይ ጥላውን ለባለጸጎች ሴቶች ይሸጡ ነበር። በ1818 ዓ.ም. ደግሞ ቸልተነም በምትባል ከተማ ሌላ ሱቅ ከፈቱ። በንግሥት ቪክቶርያ ዘመን እንግሊዞች ዘመድ ሲሞትባቸው የኀዘን ልብስ የመልበስ ሥርዓታቸው እጅግ የጠበቀ ስለ ነበረ፣ መበለቲቱም የቅርብ ዘመዶቿም ሁሉ ከል ይገዙ ነበር፤ የሱቁም ንግድ በዚህ ምክንያት ሰፋ። እንዲህ እያለ ሲያድግ ኖሮ በ1905 ዓ.ም. ደብነምስ በሚል ስም ኩባንያ ሆኖ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በየከተማው መካከል ትልልቅ መደብሮች አቆመ፤ ሙሽራዪቱ የሠርጓን፣ እናቲቱ የልጇን፣ ሽማግሌውም የክረምቱን ልብስ ከዚያ የሚገዛ ሆነ።

የዚህ ቤት ታሪክ ከሌላ ቤት ታሪክ ጋራ የተጋጠመ ነው። በ1900 ዓ.ም. አንድ የ15 ዓመት አይሁዳዊ ልጅ ከሊትዌንያ ተሰዶ እንግሊዝ አገር ገባ። ይህ ልጅ ስሙን ሞንታግዩ በርተን አሰኝቶ፣ ቸስተርፊልድ በምትባል ከተማ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፈተ። አሳቡም ተራው ሠራተኛና ጸሐፊ እንደ ባለጸጋው በልኩ የተሰፋ ሙሉ ልብስ በሚችለው ዋጋ እንዲያገኝ ነበረ። ነገሩ ተሳካለት፤ በሊድስ ከተማ ያቆመው የስፌት ፋብሪካ እስከ 10,000 ሠራተኛ ይዞ ነበር። ለእነዚህም ሠራተኞች ሰፊ የምግብ አዳራሽና ሐኪም አዘጋጀላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ወታደሮች የደንብ ልብስ ሩብ ያህሉ የተሰፋው በዚህ ሰው ቤት ነው። እርሱ በ1952 ዓ.ም. ዐረፈ። በ1985 ዓ.ም. የርሱን ስም የያዘው ኩባንያ ደብነምስን ገዛ፤ በ1998 ዓ.ም. ሁለቱ እንደ ገና ተለያዩ፤ የበርተንም ወገን አርካድያ ተባለ። ለ13 ዓመት በአንድ ጣራ ሥር የኖሩት እነዚህ ሁለት ቤቶች አወዳደቃቸው በሁለት ቀን ውስጥ ሆነ።

አሁን የውድቀቱን ሥር እንመርምር። ብዙ ሰው ደብነምስን የገደለው ኮሮና የተባለው የ2020 ዓ.ም. ተስቦ ነው ይላል። ይህ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዛፍ በነፋስ ሲወድቅ ነፋሱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ አስቀድሞ ግንዱን ምን በልቶት ነበር ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በ2003 ዓ.ም. ሦስት የገንዘብ ቤቶች ተባብረው ደብነምስን ገዙት። ለግዢው ብዙ ገንዘብ ተበደሩ፤ የብድሩም ሸክም የወደቀው በገዢዎቹ ላይ ሳይሆን በተገዛው ቤት ላይ ነበረ። በ2005 ዓ.ም. ከመደብሩ ሕንጻዎች 23ቱን በ495 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጡና፣ የሸጡትን ሕንጻ መልሰው ለብዙ ዓመት ተከራዩት፤ ኪራዩም በየዓመቱ እንዲጨምር ተዋዋሉ። በ2006 ዓ.ም. የኩባንያውን አክሲዮን ለሕዝብ ሸጠው ብዙ ትርፍ ይዘው ሲወጡ፣ በቤቱ ላይ ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ዕዳ ቀረ። ነገሩ በምሳሌ ሲነገር፣ አንድ ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ በሸጠው በሬ በየዓመቱ ኪራይ እየከፈለ እንደሚያርስ ነው። በጥጋብ ዓመት ማረሱ አይቀርም፤ ድርቅ ሲመጣ ግን እህሉ ይቀራል እንጂ ኪራዩ አይቀርለትም።

ድርቁም መጣ። ሕዝቡ በቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ልብስ መግዛት ለመደ፤ ወደ መደብር የሚመጣው ሰው ቍጥር እያደር አነሰ። የጥፋቱ ምልክት አስቀድሞ በሌላ ቤት ታይቶ ነበር። ቢ ኤች ኤስ የሚባለው በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ መደብር በ2015 ዓ.ም. በ1 ፓውንድ ተሸጠ፤ አንባቢ ሆይ፣ ቍጥሩን ተሳስቼ አልጻፍሁም፤ አንድ ፓውንድ ነው። በዓመቱ ከሰረና 11,000 ሠራተኞች ተበተኑ፤ ለጡረታቸው ከሚያስፈልገውም ገንዘብ 571 ሚሊዮን ፓውንድ ጐድሎ ተገኘ። የሕዝብ እንደራሴዎች ነገሩን መርምረው ከገሠጹ በኋላ፣ የቀድሞው ባለቤት በ2017 ዓ.ም. እስከ 363 ሚሊዮን ፓውንድ ለጡረታው ሊከፍል ተስማማ። ደብነምስም በ2018 ዓ.ም. 491 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ኪሣራ አስታወቀ።

በ2019 ዓ.ም. ኤፕሪል 9 ቀን ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ተስኖት በሕግ ለተሾሙ ባላደራዎች ተሰጠ፤ ንብረቱንም አበዳሪዎቹ ወሰዱት። ልክ በዓመቱ፣ በ2020 ዓ.ም. ኤፕሪል 9 ቀን፣ በተስቦው ምክንያት መደብሮች ሁሉ በታዘጉበት ወራት፣ ለሁለተኛ ጊዜ በባላደራ እጅ ወደቀ። በዚያው ዕለት በአየርላንድ አገር የሚገኙት 11 መደብሮቹ ዳግመኛ እንዳይከፈቱ ተወሰነ። 1,000 ያህል ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ብዙዎቹም በዚያ ሥራ ከ20ና ከ30 ዓመት በላይ የቆዩ፣ ስንብታቸውን የሰሙት በኢሜል በተላከ ደብዳቤ ነው። ዕለቱ በምዕራባውያን አቈጣጠር ጸሎተ ሐሙስ ነበረ። ጌታ የአገልጋዮቹን እግር ዝቅ ብሎ ያጠበበት መታሰቢያ ቀን፣ ለእነዚህ አገልጋዮች ፊታቸውን አይቶ የሚያሰናብታቸው ጌታ የታጣበት ቀን ሆነባቸው።

እነዚህ ሠራተኞች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የጽሑፍ ስምምነት ነበራቸው። ሕጉ ለተሰናባች ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የሁለት ሳምንት ደመወዝ ያዝዛል፤ በስምምነቱ ግን ሌላ ሁለት ሳምንት ይጨመርላቸው ነበር። ሒሳብ አጣሪዎቹ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለም አሉ፤ በሕግ የታዘዘው ብቻ ከመንግሥት ገንዘብ ተከፈላቸው። ነገር ግን በመደብሮቹ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ዩሮ የሚያወጣ ልብስ እንደ ተደረደረ ነበር። ሴቶቹ ይህን ልብስ የደረደርነው እኛ ነን፣ ሳይከፈለን አይወጣም ብለው በየበሩ ቆሙ። በደብሊን፣ በኮርክ፣ በሊምሪክ፣ በዋተርፎርድ፣ በትራሊ፣ በሌሎቹም ከተሞች በዝናምና በበረዶ ተራ እየገቡ ሌሊትና ቀን በር ጠበቁ። የገናም በዓል በዚያው አለፈባቸው። በ2021 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ፖሊሶች እያስለቀቋቸው ጭነቱ ወጣ። ከ400 ቀን በላይ ከቆዩ በኋላ፣ አስቀድሞ አንቀበልም ብለውት የነበረውን 3 ሚሊዮን ዩሮ በድምፅ ተቀበሉ፤ ያም ቢሆን በእጃቸው የሚገባ ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ሙያ ለሚማሩበት የተመደበ ነበረ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ፍጻሜው እንዲህ ሆነ። በ2020 ዓ.ም. ኖቬምበር 30 ቀን 13,000 ሠራተኛ የነበረው አርካድያ በባላደራ እጅ ወደቀ። አርካድያ በደብነምስ መደብሮች ውስጥ ቦታ ይዞ ልብሱን የሚሸጥ ታላቅ ተከራይ ነበረ፤ ስለዚህ የአንዱ ውድቀት ሁለተኛውን ገፋው። ደብነምስን ለመግዛት ሲነጋገር የነበረው ነጋዴም ዲሴምበር 1 ቀን እጁን ሰበሰበ። በዚያው ቀን 124 መደብሮች ተዘግተው 12,000 ሠራተኞች ሊሰናበቱ እንደ ሆነ ተነገረ። በጃንዋሪ 2021 ዓ.ም. ቡሁ የሚባል በኢንተርኔት ብቻ የሚሸጥ ኩባንያ ደብነምስ የሚለውን ስምና የኢንተርኔት ገበያውን በ55 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ሕንጻውን አልፈልግም አለ፤ የመደብሩንም ሠራተኞች አልተቀበለም። የበርተንም ስም ከሌሎች ሁለት ስሞች ጋራ በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ለዚሁ ገዢ ተሸጠ። ሜይ 15 ቀን 2021 ዓ.ም. የደብነምስ የመጨረሻዎቹ መደብሮች ተዘጉ። ከተመሠረተ 243 ዓመቱ ነበረ። በመጨረሻው ወራት ሠራተኞቹ የልብስ ማሳያውን አሻንጉሊትና መደርደሪያውን ሳይቀር ዋጋ ለጥፈው ሸጡ፤ የራሳቸውን ቤት አስከሬን ገንዘው ቀበሩ ማለት ይቻላል።

ጕዳቱ ግን በመደብሩ በር ላይ አላበቃም። በመደብር የሚሸጠው ልብስ የሚሰፋው በሌላ አገር በድኆች እጅ ነውና። በ2020 ዓ.ም. የአውሮጳና የአሜሪካ መደብሮች በተዘጉ ጊዜ፣ በባንግላዴሽ የሚገኙ የስፌት ፋብሪካዎች ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ትእዛዝ እንደ ተሰረዘባቸው ወይም እንደ ታገደባቸው ማኅበራቸው አስታወቀ። ከተሰረዘው ትእዛዝ ብዙው ተሰፍቶ ያለቀ፣ ጨርቁም በብድር የተገዛ ነበረ። የእኛም አገር ልጆች ከዚህ አላመለጡም። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ መደብሮች ልብስ ይሰፉ ከነበሩት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ሥራቸውን አጡ፤ ወይም ፈቃድ ተብሎ ወደየመንደራቸው ተመለሱ። የማያውቁት መደብር በማያውቁት ከተማ ሲዘጋ፣ የሲዳማና የወላይታ ገበሬ ልጅ ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ ተቋረጠ። ልብስ ክር ነውና፣ በአንድ ጫፍ ሲሳብ ሌላው ጫፍ ይተረተራል።

ወንድሞቼ ሆይ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አእምሮዬን እጅግ የያዘው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የስሙ መሸጥ ነው። ሊቃውንቶቻችን ስም ለአካል ይሰጣል ብለው ያስተምራሉ፤ አዳምም ለእንስሳት ስም ያወጣላቸው በፊቱ ቆመው ሲያያቸው ነው። ደብነምስ የሚለው ስም 55 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣው ስለ ምንድር ነው? በፊደሉ ውበት አይደለም። ለ243 ዓመት በመደርደሪያው ኋላ የቆመችው ሴት ገዢውን በትሕትና ስለ ተቀበለች፣ የማይሆነውን አይሆንዎትም ስላለች፣ የተበላሸውን መልሳ ስለ ቀየረች፣ ሕዝቡ ስሙን አመነ። ስሙን ያከበረው የእነዚያ ሰዎች ድካም ነው። ሒሳቡ በተጣራ ጊዜ ግን ስሙ ዋጋ ወጣለት፤ ስሙን ያከበሩት ሰዎች ግን በመዝገቡ ላይ እንደ ወጪ እንጂ እንደ ሀብት አልተጻፉም። በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ተማሪ መምህሩ ይገሥጸዋል፤ በዚህ ገበያ ግን ስሙ ተሸጠ፤ ወርቁ ተጣለ።

ፍርድ እንዳላጣምም የሌላውንም ወገን ቃል ልናገር ይገባኛል። ነጋዴ ዘወትር እየከሰረ ሱቁን ክፍት ያድርግ ማለት አይቻልም፤ ሰው መግዛቱን ከተወ መደብር አይቆምም። ስሙን የገዛውም ኩባንያ ያላፈረሰውን ቤት የመጠገን ግዴታ አልነበረበትም። አበዳሪም ቢሆን ያበደረው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው አደራ ነው፤ መያዣው የማይጸናለት ከሆነ ለነጋዴ የሚያበድር አይገኝም፤ ብድር ከሌለም አዲስ ሱቅ አይከፈትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጥያቄው ግን ንግድ ይክሰር ወይስ አይክሰር አይደለም፤ በከሰረ ጊዜ ማን ይቅደም የሚል ነው።

ስለዚህ ጥያቄ ሕገ ኦሪት ሁለት ትእዛዝ አላት፤ ሁለቱም ለዚህ ታሪክ የተጻፉ ይመስላሉ። አንደኛይቱ ስለ ልብስና ስለ አበዳሪ ናት፤ አበዳሪ የድኃውን ልብስ በመያዣ ቢወስድ ፀሐይ ሳይገባ እንዲመልስለት ታዝዛለች፤ ሌሊቱን የሚለብሰው እርሱን ብቻ ነውና። ሁለተኛይቱ ስለ ሠራተኛ ናት፤ የሞያተኛ ደመወዝ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ታዝዛለች። አስተውሉ፤ ኦሪት መያዣን አልሻረችም፤ አበዳሪውንም ሌባ አላለችውም። ነገር ግን የአበዳሪው መብት ከድኃው ብርድ እንዳይቀድም ወሰን አበጀችለት። በደብሊን ጎዳና ሴቶቹ በበረዶ ቆመው የጠየቁት ይህንኑ ነበረ፤ ልብሱ በውስጥ አለ፣ እኛ በውጭ በብርድ ነን፣ ደመወዛችንም አድሯል የሚል ነው። ያደረውም አንድ ሌሊት ሳይሆን ከ400 ሌሊት በላይ ነው።

በአገራችን በእኛ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የሠራተኛው ክፍያ ከሌላው ዕዳ እንዲቀድም ይደነግጋል። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን ሕግ ባዶ ሣጥን ውስጥ ገንዘብ አይፈጥርም። ስለዚህ ሱቅና ፋብሪካ ያላችሁ የከተማ ሰዎች ሆይ፤ የሠራተኛው ድርሻ መለየት ያለበት በመዝጊያው ቀን ሳይሆን በትርፉ ቀን ነው። ትርፍ ሲገኝ ሁለተኛ ሕንጻ ከማሠራታችሁ፣ በሕንጻውም ከመበደራችሁ በፊት፣ ሱቁ ቢዘጋ ለሠራተኞቹ የሚገባውን አስልታችሁ አኑሩት። መለያየትም ግድ ከሆነ፣ ሰውን በደብዳቤ ሳይሆን ፊት ለፊት አሰናብቱት። እናንተም ካህናት አባቶች፣ ስለ ዐሥራት ስታስተምሩ ዐሥራት የሚወጣው የሠራተኛው ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ እንደ ሆነ አብራችሁ ንገሩ፤ ከተቀማ ደመወዝ የተገዛ ጧፍ ያጨሳል እንጂ አያበራምና።

የታሪኩን ፍጻሜ ተናግሬ ላብቃ። ስሙን የገዛው ቡሁ የተባለው ኩባንያ በ2025 ዓ.ም. በማርች ወር የራሱን መጠሪያ ትቶ ደብነምስ ተብሎ ሊጠራ ወሰነ። ስሙ ከገዢው በልጦ ተገኘና ገዢው በገዛው ስም ተጠራ። እንግዲህ ያ የጨርቅ ነጋዴ በአንድ ጎዳና ከጀመረው ቤት ሕንጻው ለሌላ ሆነ፤ ልብሱ ተሸጠ፤ ሰዎቹ ተበተኑ፤ ስሙ ብቻ ቀረ። ያን ስም በድካማቸው ያከበሩት ሴቶች ግን ዛሬም በየከተማው አሉ፤ አንዲቱ ሌላ ሥራ አግኝታ፣ አንዲቱም ሳታገኝ። የእነርሱን ስም በሰማይ መዝገብ የሚያውቅ አምላክ፣ እኛም በአጠገባችን የሚደክመውን ሰው ስሙን አውቀን፣ ዋጋውንም ሳይመሽ እንድንከፍለው ልቡናውን ያድለን።